ለወንድሜ የጻፍኩለት ሪፖርት

አንደኛ ክፍል የገባሁት በአሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ከሰባት ዓመት ልጆች ጋር በአንድ አግዳሚ ተቀምጬ፣ ጉልበቴ ከዴስኩ ጠርዝ ጋር እየተጋጨ ፊደል ቆጠርኩ። አሥራ ሁለተኛን ስጨርስ ታናሽ ወንድሜ ፖሊስ ከሆነ ሦስት ዓመት አልፎት ነበር። ይህን የማነሣው እንዲታዘንልኝ አይደለም። ዘግይቶ የተማረ ሰው ከጽሕፈት ጋር ያለው ነገር የተለየ ስለሆነ ነው። ሌሎች በልጅነታቸው ለምደው የናቁትን እኔ እስከ ዛሬ አልለመድኩትም፤ ወረቀት ላይ የሰፈረ ነገር ያስፈራኛል። አንድ ቃል ቦታው ካልሆነ ቀኑን ሙሉ ይቆረቁረኛል።

ከአምቦ ወደ ምዕራብ በምትገኝ ትንሽ ከተማ፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። ሰው ማመልከቻ ሲኖረው ወደ እኔ ይመጣል። የመሬት፣ የዝውውር፣ የፍቺ፣ የጠፋ ደረሰኝ፤ በአማርኛም በኦሮምኛም እጽፋለሁ። «አንቺ ስትጽፊው ይሰሙናል» ይሉኛል። ይህ ነገር ያኮራኝ ነበር፤ ባላኮራኝ ይሻል ነበር።

ወንድሜ ሰው የገደለው ስብሰባ በተከለከለበት ወቅት ነው። ከድልድዩ ማዶ አንድ ሽማግሌ ሞተው ነበር። በእኛ አገር ለቅሶ በእግር ብቻ አይደረስም። ወንዶቹ ፈረሳቸውን ግላስ አልብሰው፣ ቀይ ዘርፍ በግንባሩና በደረቱ ላይ አንጠልጥለው፣ ዱላ ከፍ አድርገው ይዘው የሟቹን ስም እየጠሩ ይጋልባሉ። ሰው ፊት ሲደርሱ ዱላውን ዝቅ አድርገው ልጓም ይይዛሉ። ከተሜዎቹም እንደዚያው ነን። የአባቴ አያቶች ከሰሜን ሸዋ የመጡ ናቸው፤ ሆኖም አባቴ ሲሞት ወንድሜ የተውሶ ፈረስ ላይ ወጥቶ ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ ግቢያችን በር ጋልቧል። በደንብ ነበር የሚጋልበው።

ያን ቀን ግን በድልድዩና በለቅሶው ቤት መካከል ኬላ ነበር፤ መንገዱ ላይ ገመድ ተወጥሯል፣ አምስት ፖሊሶች ቆመዋል፣ አንዱ ወንድሜ ነው። ከለቀስተኞቹ ቀድሞ አንድ ፈረሰኛ መጣ። ለዐማቹ ለቅሶ የሚደርስ ገበሬ ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእሱ ድንች ገዝቼ አውቃለሁ። ሚዛኑን ደፋ አድርጎ የሚመርቅ ሰው። ወንድሜ አንድ ጊዜ ተኮሰ። የሰውየው ሚስት በአባቷ ድንኳን ውስጥ ሆና ተኩሱን ሰምታለች፤ ለማን እንደሆነ ያወቀችው በኋላ ነው።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ወንድሜ ቤተ መጻሕፍት መጣ። ከእኔ ሌላ ውስጥ ማንም አልነበረም። ኮፍያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ከደረት ኪሱ አንድ ወረቀት አወጣ።

«አዛዡ መለሰብኝ፤ አጭር ነው፣ አብራራው አለኝ» አለ።

ሦስት መስመር ነበር። ሰው በፈረስ መጣ፣ ቁም አልነው፣ አልቆመም፣ ተኮስኩ ይላል። ወንበር ሰጠሁትና እንደማንም ባለ ጉዳይ እጠይቀው ጀመር። ስንት ሰዓት ነበር፣ ምን ያህል ርቀት ላይ ነው፣ ስንት ጊዜ ቁም አላችሁት፣ በእጁ ምን ይዟል።

«ዱላ።»

«ዱላ መሆኑን መቼ ነው ያወቅኸው?»

ኮፍያውን ጠረጴዛው ላይ አዞረና «ፈረሱ ዘርፍ ነበረው። ቀይ። ግላሱም ነበር» አለ።

«አይተኸዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«ከመተኮስህ በፊት?»

«አላውቅም እትዬ። በፊት ይመስለኛል።»

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ቀይ ዘርፍ ያደረገ ፈረስ ለቅሶ ደራሽ መሆኑን በዚህ አገር የማያውቅ ሰው የለም። እሱም ያውቃል፣ አዛዡም ያውቃል፣ ወረቀቱን የሚያነበው ዐቃቤ ሕግም ያውቃል። ከዚያ እስክሪብቶውን አንሥቼ ጻፍኩ። ዘርፉን አልጻፍኩትም። ዓረፍተ ነገሩ ይረዝማል ብዬ ለራሴ የነገርኩት ትዝ ይለኛል፤ በእርግጥም ይረዝም ነበር።

የጻፍኩት በኦሮምኛ ነው፤ በአማርኛ እንዲህ ይሆናል፦ «ለማሰብ ጊዜ ባላገኘሁበት ሁኔታ፣ ሟች መሣሪያ መሰል ነገር ከፍ አድርጎ በመያዝ በከፍተኛ ፍጥነት ወደ እኛ በመምጣቱና ተደጋጋሚ ማስጠንቀቂያ ባለመቀበሉ፣ የራሴንና የባልደረቦቼን ሕይወት ለማትረፍ አንድ ጥይት ለመተኮስ ተገድጃለሁ።»

ወንድሜ ሁለት ጊዜ አነበበው። «እንዲህ መናገር ብችል ኖሮ እስካሁን ኢንስፔክተር ሆኜ ነበር» አለ። ፈገግ ያልን ይመስለኛል። ሁለታችንም ደክሞን ነበር።

ፋይሉ በሁለት ወር ተዘጋ። በዐቃቤ ሕጉ ውሳኔ ላይ «ለማሰብ ጊዜ ባላገኘበት ሁኔታ» የሚለው ቃል በቃል ተገልብጧል።

ከዚያ በኋላ ያለው አራት ዓመት ነው። አራት ዓመቱን ለመጻፍ ስሞክር ምንም የሚጻፍ አላገኝበትም። በእኛ አካባቢ በሁለት ቤት መካከል ደም ከገባ ጉማ እስኪደረግ፣ ማለት ገዳይ እውነቱን ተናግሮ ደሙ በሽማግሌ እስኪታረቅ ድረስ፣ ሁለቱ ቤቶች አብረው አይበሉም፣ ከአንድ ውኃ አይቀዱም፣ መንገድ ላይ ቢገናኙ አንዱ ይመለሳል። ገዳዩ ደግሞ ከተማው ውስጥ አይታይም። ወንድሜን ወደ ባኮ አዛወሩት። እዚያ በሙቀቱና በበቆሎው መሀል አገባ፣ ሁለት ልጅ ወለደ። እናታችን ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ዳሌዋ ተሰብሮ በደንብ ስላልገጠመ አውቶቡስ ላይ መውጣት አትችልም። ልጇን ማየት የምትችለው እሱ ከመጣ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ መምጣት አይችልም።

«ሥራ በዛበት?» ትለኛለች።

«በዛበት።»

«ፖሊስ ፋሲካም የለውም?»

ምን እንደሆነ ጠንቅቃ ታውቅ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ጠየቀች፣ በሁለተኛው ዓመት መጠየቅ ተወች። ከመጠየቋ ይልቅ አለመጠየቋ ይከብደኝ ነበር።

እኔ ደግሞ ወፍጮ ቤት ስሄድ መጀመሪያ በበሩ ቀዳዳ አያለሁ። የሟቹ ሚስት ከውስጥ ካለች እህሌን ይዤ እመለሳለሁ። እሷም እንደዚያ ታደርጋለች። አንድ ቀን ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ተመለስንና ወፍጮው ባዶውን ሲዞር ባለወፍጮው በር ላይ ወጥቶ «ተስማሙና አንዳችሁ ግቡ እንጂ» አለን። ማናችንም አልገባንም።

ለምን አራት ዓመት? የእኛ ወገን መንግሥትን ስለጠበቀ ነው። አጎቴ «እሱ እጅ ነው፣ ያዘዘው ሌላ ነው፤ ጉማውን የሚከፍለው መንግሥት ነው» ይል ነበር፣ ሌላውም ይስማማል። የእነሱ ወገን ደግሞ ከእኛ ሽማግሌ እስኪላክ ይጠብቃል። ገዳይ ወገን ሳይልክ ሟች ወገን አይጀምርም። እኛ ሳንልክ፣ እነሱ ሳይጀምሩ፣ ሁለት ቤት በጨዋ ደንብ ተቀምጦ ተጠባበቀ።

በሁለተኛው ዓመት አንድ ነገር አደረግሁ፤ ለማንም አልተናገርኩም። ከድልድዩ ማዶ ሌላ ለቅሶ ነበር፣ ፈረሰኞችም ነበሩ። ድልድዩ አጠገብ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ቆሜ በስልኬ ሰዓት ያዝኩ። ከድልድዩ ጫፍ፣ ፈረሱ ለኬላው መታየት ከሚጀምርበት፣ ገመዱ እስከነበረበት ቦታ። የመጀመሪያው ፈረሰኛ ዘጠኝ ሰከንድ። ሁለተኛው ዘጠኝ። ሦስተኛው ወጣት ነበር፣ ስምንት። ቤት ገብቼ የጻፍኩትን ዓረፍተ ነገር ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ሰዓት ይዤ አነበብኩት። አሥራ አራት ሰከንድ ፈጀ። ለማሰብ ጊዜ አላገኘሁም ለማለት የፈጀብኝ ጊዜ ፈረሱ ከፈጀበት ይበልጣል። ይህን ካወቅሁ በኋላ ምን እንደማደርግበት አላወቅሁም። ዘጠኝ ሰከንድ ብዙ ነው፤ ዘጠኝ ሰከንድ ደግሞ ምንም አይደለም። መጻሕፍቱን አቧራቸውን እየጠረግሁ ሁለቱንም አልኩ፣ ሁለቱም እውነት ነበሩ።

በአራተኛው ዓመት እናቴ ክረምቱን ሳል ይዟት ከረመ። ክረምቱ ሲወጣ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ሄድኩ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ለጸሎት ቤታቸውም ለአካባቢውም ሽማግሌ ናቸው።

«ኦቦ፣ አስታርቁን ልል ነው የመጣሁት» አልኳቸው።

«ዘገያችሁ።»

«መንግሥት ነው ብለን ነው የቆየነው።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «መንግሥት ወፍጮ ቤት ይሄዳል?» አሉኝ። «እናቱ ታስላለች? በይ ወንድምሽን ጥሪው። ግን አንድ ነገር ንገሪው። ጉማ ላይ እንደ ፍርድ ቤት አይደለም፣ የሆነውን እንዳለ ነው የሚናገረው። የሚናገረው ደግሞ ሰው ፊት ነው፣ ዐቃቤ ሕግም ጆሮ አለው። የተዘጋው ሊከፈት ይችላል። ልጆች አሉት፣ ያስብበት።»

ስልክ ደወልኩለትና ያሉኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኩት። ከበስተጀርባው የጭነት መኪና ሲያልፍ ይሰማል። «እማ እንዴት ናት?» አለኝ። ነገርኩት። «እመጣለሁ» አለ።

ወንዙ ዳር ሆነ። በማዶ የሟች ወገን፣ በወዲህ እኛ፤ መሀል ድንጋይ እየረገጡ የሚሻገሩት ሽማግሌዎቹ ብቻ ናቸው። አንዱ ወገን የተናገረውን ለሌላው ያደርሳሉ፤ ወንዙ ጠባብ ስለሆነ ሁሉም ሰው ሁሉን ይሰማል፣ እነሱ ግን ያደርሳሉ። የሟቹ ሚስት ከሴቶቹ ጋር ከኋላ ተቀምጣለች። እኔም ከወዲህ ከኋላ ነበርኩ።

የሟቹ ታናሽ ወንድም ተነሣ። የሒሳብ መምህር ነው። የሪፖርቱን ቅጂ ከዐቃቤ ሕግ ቢሮ አግኝቶት ኖሯል። ሽማግሌዎቹን ሳይጠብቅ አነበበው፤ የእኔን ዓረፍተ ነገር፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ክፍል ውስጥ በሚያስተምርበት ድምፅ። ሲጨርስ ወረቀቱን አጠፈው።

«ይኼን የጻፈው እሱ አይደለም» አለ። «ስምንተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ነበርን። ከእኔ እየገለበጠ ነው ያለፈው፤ ሲገለብጥም ያሳጥረው ነበር።» በሁለቱም ማዶ አንዳንዱ ሳቀ። ወንድሜም አንገቱን ደፍቶ ፈገግ አለ። መምህሩ አልሳቀም። «በዚህ ወረቀት ላይ ወንድሜ ፖሊስ ሊገድል የመጣ ሰው ነው። ልጆቹ ነገ ማንበብ ይማራሉ። ማን ነው የጻፈው?»

ጡረተኛው ሽማግሌ ድንጋዮቹን እየረገጡ ወደ እኛ መጡ። «ማን ጻፈው ይላሉ» አሉ፣ ሁላችንም እንዳልሰማን።

ተነሣሁ። ወንዶች በተሰበሰቡበት ቆሜ ተናግሬ አላውቅም። «እኔ ነኝ» አልኩ።

«ምን ጨመርሽበት?»

«የጨመርኩት ቃላት ነው። የቀነስኩት ግን ሌላ ነው። ፈረሱ ቀይ ዘርፍ እንደነበረው ነግሮኛል። እኔ ነኝ ያወጣሁት።»

ሽማግሌው ይህን አላሻገሩትም፤ መሻገር አላስፈለገውም። ወንድሜ ቀስ ብሎ ወደ ውኃው ቀረበ፣ ጫማው እስኪነካ። የተናገረውን እንዳለ አስቀምጣለሁ፤ ተርጉሜዋለሁ እንጂ አላስተካከልኩትም።

«ጠዋት አዛዡ ‹ፈረስ ከመጣ መሣሪያችንን ሊነጥቁ ነው› አለን። እሺ አልን። ከዚያ መጣ። ሳየው ለቅሶ ደራሽ ነው አልኩ። በሆዴ አልኩ። ዘርፉን አይቻለሁ። ከዚያ የጠዋቱ ነገር መጣብኝ። ለቅሶ ደራሽ ነው እላለሁ፣ መሣሪያ ሊነጥቅ ነው እላለሁ። እንዲህ እያልኩ ገመዱ ጋ ደረሰ። ዱላውን አወረደ። ሰው ፊት ሲደረስ እንደሚወረደው። እኔም አባቴ ሲሞት እንደዚያ ነው ያደረግኩት። እጁ ሲንቀሳቀስ ነው የተኮስኩት። ከፍ አድርጎ እንደያዘ ቢቆይ አልተኩስም ነበር ይመስለኛል። አክብሮን ነው ያወረደው።»

ይህን እኔም አልሰማሁትም ነበር። ያን ቀን በቤተ መጻሕፍት ዱላውን ምን አደረገው ብዬ አልጠየቅኩትም። ስንት ጥያቄ ጠይቄው ይህን አልጠየቅኩትም።

ከማዶ የሚስቱ ድምፅ መጣ። «አውርዶት ነበር?»

«አዎ» አለ ወንድሜ።

«አውርዶት?»

«አዎ፣ አዴ።»

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ከጎኗ ያሉት ሴቶች ቀና ሊያደርጓት ሲሞክሩ በእጇ ከለከለቻቸው።

ሽማግሌዎቹ ብዙ ተመላለሱ። ከሰዓት በኋላ ላይ የሟች ወገን ያለው ይህ ነው፦ ለጉማው የሚከፈለው ከብት በኋላ የሚመጣ ነገር ነው፤ መጀመሪያ ወረቀቱ ይስተካከል። ዛሬ በአፉ የተናገረውን ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ሪፖርቱ ገቢ ለሆነበት ቢሮ ያስገባ። ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ያምጣ። ከዚያ ቀን ይቆረጣል።

በማግስቱ ወንድሜ ቤተ መጻሕፍት መጣ፤ ለዚህ ጉዳይ ብቻ ከተማ እንዲገባ ተፈቅዶለት ነበር። ያችው ወንበር ላይ ተቀመጠ። «ጻፊልኝ እትዬ» አለ።

«አንተ ጻፈው።»

«አላውቅበትም።»

«ትናንት ተናግረኸዋል። እሱን ጻፍ።»

እስከ ዐሥር ሰዓት ጻፈ። ሰባት መስመር ወጣው። ሲያሳየኝ እጄ ወደ እስክሪብቶው ሄዶ ነበር፤ መለስኩት። ሁለት ጊዜ «ከዚያ» ያለበት ቦታ አለ፣ ቀኑንም በቦታው አላስቀመጠም። እንዳለ ተውኩት።

ቢሮው ውስጥ ደብዳቤ የሚቀበለው ሰው አንብቦ ቀና አለ። «ይኼ የተዘጋ ፋይል ነው። ጤነኛ ነህ አንተ?»

«ተቀበለኝ ብቻ።»

«ራስህን ነው የምትከስሰው። የፈረሙትን ሁሉ ነው የምታስጠራው። የልጆች አባት ነህ እኮ።»

«ተቀበለኝ ብቻ ወንድሜ።»

«ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው። ሰኞ ና።»

ሰኞ ሄድን፣ ረቡዕ አለን። ረቡዕ ሄድን። ኃላፊው ራሱ ወጥቶ ወንድሜን ክንዱን ይዞ ወደ ጥግ ወስዶ አነጋገረው፤ ምን እንዳለው ወንድሜ አልነገረኝም። ከምሳ በኋላ ማኅተሙ አረፈ።

ቅጂውን ለሟቹ ወንድም ያደረስኩት እኔ ነኝ፣ በሽማግሌው በኩል። በነጋታው እሱ ራሱ የቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ቆመ፤ አልገባም፣ ደሙ ገና ስላልታረቀ።

«‹አወረደ› የሚለው የቱ ጋ ነው?» አለኝ። ፈልጎ አጥቶት አልነበረም።

«አምስተኛው መስመር ላይ።»

እዚያው ቆሞ አነበበውና «እሺ» አለ። «ቀኑ ከጤፍ አጨዳ በኋላ ይሁን ብለዋል። እስከዚያ እናቱን በቀን መጥቶ ይያት። በገበያው መንገድ አይምጣ።»

ሚስቱ አሁንም ወፍጮ ቤት ካለሁ ትመለሳለች። መልሳ ያየችኝ አንድ ጊዜ ነው። ሽማግሌው እንደነገሩኝ «ሳያየው የገደለው ይመስለኝ ነበር፣ እሱ ይቀለኝ ነበር» ብላለች። እውነቱ ለማን እንደጠቀመ ቁርጡን መናገር አልችልም። ዐቃቤ ሕግ ወንድሜን ሁለት ጊዜ አምቦ ጠርቶ ጠይቆታል። ፋይሉ ይከፈት አይከፈት እስካሁን አልተነገረንም። መሣሪያውን ግን አስረክቧል፤ አሁን ቢሮ ውስጥ ነው የሚሠራው።

አንድ እሑድ ቀትር ላይ መጣ፣ በትምህርት ቤቱ ጀርባ በኩል። እናቴ አልጋዋ ላይ ቀና ብላ ተቀምጣ ነበር። ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ረጅም ጊዜ አየችው። «ጠቆርክ» አለችው። «ባኮ ጥላ የሚባል ነገር የለም?» ከዚያ ስለ ልጆቹ አንድ በአንድ ጠየቀችው፤ ማን ማንን እንደሚመስል፣ ማን እንደሚያስቸግር። ስለ ሌላው አላነሣችም። ሁለት ሰዓት ተቀመጠና ተነሣ።

እስከ መናኸሪያው ሸኘሁት። አውቶቡሱ ገና ግማሹም አልሞላም። ወንድሜ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠ፣ እኔ ከታች ቆምኩ።

«ያን ጊዜ ዘርፉን ለምን ተውሽው?» አለኝ።

«ከዚህ ከተማ እንዳትወጣብን ብዬ ነው።»

ያለ ቁጣ ራሱን ነቀነቀ። «አራት ዓመት ወጣሁ እኮ» አለ።

አውቶቡሱ ሳይሞላ እንደማይነሣ ስለማውቅ ወደ ቤቴ መሄድ እችል ነበር። ተሳፋሪዎች አንድ አንድ እያሉ ይመጣሉ፤ የበቆሎ ዘር ጆንያ የያዘ ሰው ወጣ፣ ከዚያ ልጅ ያዘለች ሴት። እሱ መስኮቱን አልዘጋም፣ እኔም አልሄድኩም።